ያልታየ ደም

እቴነሽ ጀውሃ ላይ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር፣ ምግብ ቤት ነበራት። ወደ ደሴ የሚያልፉ የከባድ መኪና ነጂዎች ጥብሷን ፈልገው ይቆሙላት ነበር። ቁጡ ሴት ናት። ያረጀ ሥጋ የሰጣትን ባለ ልኳንዳ ገበያ መሀል አቁማ ታዋርዳለች። ባሏ ንጉሤ ደግሞ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር፤ ከከተማዋ ዝቅ ብላ ወንዝ ዳር ባለች መንደር ማሽላና ማሾ ያርሳል።

ወንዙ ወባ አያጣውም። በ1974 ሰኔ ላይ የወባ ሠራተኞች መጥተው የመንደሩን ቤት ሁሉ ዲዲቲ ረጩት። መስከረም ጠባ፤ በሽታው አገርሽቶ እንደሆነ ለማወቅ ተመልሰው መጡና ከየሰዉ ጣት ደም ወስደው በትንንሽ መስታወት ላይ አደረቁ። ወባ የተገኘበት ሰው እየተጠራ ኪኒን ይሰጠዋል አሉ።

ማንም አልተጠራም። ጥቅምት ሲገባ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሰዉን ሰብስቦ መንደሩ ከወባ ነጻ መውጣቱ ከሸዋ ሮቢት የወባ ቢሮ እንደተነገረው አበሰረ። ተጨበጨበ። ንጉሤም ከሰዉ ጋር አጨበጨበ። ሳምንት ሳይሞላው ያንቀጠቅጠው ጀመር።

እቴነሽ በበቅሎ ጭና ጤና ጣቢያ አደረሰችው። ሕመምተኛ የሚያየው ድሬሰር መንደራቸውን ጠየቀና ራሱን ነቀነቀ። እዚያ ወባ የለም ተብሏል፣ ይሄ ብርድ ነው አላት። የወባው ኪኒን በሽታው ላለባቸው ቀበሌዎች የተመደበ ስለሆነ ከዚያ ላይ ማንሳት አልችልም ብሎ አስፕሪን ሰጥቶ ሸኛቸው። ንጉሤ ሰውነቱ እንደ እሳት ሲነድ ከርሞ ሚስቱንም መለየት አቃተው። ሞተ።

ሠልስቱ ሳይወጣ እቴነሽ ከለቅሶው ተነሣች። እህቷ ወይንሸት ነጠላዋን ይዛ፣ ሰው ምን ይላል፣ ተቀመጪ ብላ ለመነቻት። አልሰማቻትም። የምታውቀውን ነጂ አስቁማ፣ በሐዘን ልብሷ ጋቢና ገብታ ሸዋ ሮቢት ወረደች።

የወባ ሠራተኞቹ አለቃ ሰይፉ የሚባል፣ ሸሚዙን በጥንቃቄ የሚተኩስ ሰው ነበር። ሐዘንተኛ መሆኗን አይቶ ተነሥቶ ወንበር ሰጣት። አልተቀመጠችም። የባሌ ደም የት አለ ስትል ጠየቀችው። እሱም ረጋ ብሎ፣ ደሙ ደብረ ብርሃን ለምርመራ እንደሚላክ፣ ከመንደሩም በሽተኛ ተገኘ የሚል ውጤት እንዳልመጣ አስረዳት።

«ውጤት ካልመጣ እኮ የተገኘ የለም ማለት ነው፣ እትዬ» አላት።

«ማን አይቶት?»

በሩ አጠገብ የቆመ አንድ ዲዲቲ ረጪ አንገቱን ደፍቶ፣ መኪናው ለአብዮት በዓል ሰዎች ሲያመላልስ ስለከረመ የደሙ ሣጥኖች ከዚህ አልወጡም አለ። አለቃው ገላመጠው። የተነገረው ግን ተነግሯል። እቴነሽ ወደ ጓዳው ገባች። የመንደሩ ሰው ደም በየመስታወቱ እንደ ደረቀ፣ በጥጥ እንደ ተጠቀለለ፣ በዚያ ሙቀት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሣጥን ውስጥ ተደርድሮ ነበር።

አልጮኸችም። ሣጥኑን አቅፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አብዮት ጥበቃ ተጠርቶ መጣ፤ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ለመናት እንጂ ሐዘንተኛ ሴት መጎተት አፈረ። ሰይፉ መኪና ተፈልጎ ሣጥኑ እንዲጫን እስኪያዝዝ ድረስ ከዚያ አልተነሣችም። ሲጫንም አብራ ሄደች።

ደሙ ተመረመረ። በማይክሮስኮፕ ሊነበብ ከቻለው ብዙው ወባ ነበረበት። ለመንደሩ ኪኒን መጣ፤ ያንቀጠቅጣቸው የነበሩ ልጆችና አሮጊቶች ዳኑ። ቀሪው ደም ሙቀቱ አበላሽቶት አልነበብ አለ። የንጉሤም ከዚያው ውስጥ ነበር።

መንደሩ ነጻ ነው ያለው ሪፖርት ሲታረም ሰይፉ የተበላሹትን ወባ ከሌለባቸው ጋር ደምሮ አቀረበው። እቴነሽ ይህን ስትሰማ እንደገና ቢሮው ሄደች። በዚህ ጊዜ ድምፅዋ ውጭ ድረስ ተሰማ።

«ባሌ ጤነኛ ነበር ብለህ አትጽፍም። ወባ ነበረበትም አትበል፣ አታውቅም። አላየነውም ብለህ ጻፍ። እውነቱ እሱ ነው።»

ሰይፉም ጻፈው።

በጥፋቱ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እንዲያውም በዓመቱ እድገት አግኝቶ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ወሬውን የሰማች ቀን እቴነሽ ምግብ ቤቷን ዘግታ ዋለች። ሰው ሊያጽናናት ሄዶ ሐዘን አልነበረም ያገኘው፤ ንዴት ነው። ጓሮ ገብታ ያንን ሁሉ ማገዶ ብቻዋን ስትፈልጥ አገኛት። መጥረቢያውን የሚቀበላት ጠፋ።

ረጪዎቹ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ሲመጡ ታበላቸው ነበር። ያ አንገቱን ደፍቶ እውነቱን የተናገረው ሰውዬ ሲመጣ ደግሞ ከራሷ ትሪ ታቀርበዋለች። አለቆቻቸው በላንድሮቨር መጥተው በሯ ላይ ሲቆሙ ግን ጥብስ አልቋል ትላለች፤ ሥጋው ምጣዱ ላይ ሲንቻቻ እየሰሙ።