አሥራ አንድ የመግቢያ ፈቃድ

የፋብሪካው ሠራተኞች «መቀርቀሪያ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ዋናው ሥራ አስኪያጅ ነው። መታወቂያውን ቤት ረስቶ የመጣ ቀን በሩ ላይ ሃያ ደቂቃ አቆመችው።

«አታውቂኝም እንዴ?» አላት።

«እርስዎንማ አውቃለሁ። ያላየሁት መታወቂያዎን ነው።»

ሾፌሩን ቤት ልኮ አስመጣ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ «ይቺ ሴት ሰው አይደለችም፣ መቀርቀሪያ ናት» ብሎ አመሰገናት። ደመወዝ አልጨመረላትም፤ ስም ጨመረላት።

አሥራ ሁለት ዓመት በሳሙና ፋብሪካ በር ላይ በፈታሽነት ሠርታለች። ሰው ሲገባ ፈቃድ ታያለች፣ ሲወጣ ትፈትሻለች። ሳሙና ከሻሽ ውስጥ፣ ከምሳ ዕቃ ውስጥ፣ አንድ ጊዜም ከተሰበረ እጅ ጀሶ ውስጥ አውጥታለች። ጀሶው እውነተኛ ነበር፤ ስብራቱ ግን አልነበረም።

በገዛ ቤቷ በር ላይ ግን ተሸንፋለች። አምስት ዓመት አለፈው፤ ንዴቱ አልበረደላትም።

የመጀመሪያ ልጇን በወለደች በዘጠነኛው ቀን የባሏ ወገን ተጠራርቶ መጣ። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አሥራ አምስት ሰው ገባ። ሕፃኗ እንደ ሠርግ አልበም ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ከመጡት መካከል የአማቷ ታናሽ እህት ነበረች። ቤተሰቡ «ሬዲዮ» ይላታል፤ ወሬ ከእሷ ቀድሞ የደረሰው ሰው ስለሌለ። ሬዲዮ ትስል ነበር።

«እትዬ፣ ጉንፋን ይዞዎታል እንዴ?» ብላ አራሷ ጠየቀቻት።

«አቧራ ነው» አለች ሬዲዮ፤ ልጅቷን ሁለት ጉንጮቿን ሳመች፣ ከዚያም አፏን።

እናትየው አጠገቧ ተቀምጣ ይህን አየች። አራስ ነበረች፣ ምራት ነበረች፣ ስፌቱም ያማት ነበር። ሥራ አስኪያጅ ያቆመች ሴት አንዲት አክስት ማቆም አቃታት።

ከተሳመች በአምስተኛው ቀን ልጅቷን ትኩሳት ያዛት። ሃያ አራት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ ሕመሙ እስከ አንጎሏ ሽፋን ድረስ መድረሱን ነገራት፤ «የታመመ ሰው ስሟት ነበር?» ብሎም ጠየቃት። ልጅቷ ዳነች። ስምንት ወር ሲሆናት እናቷ በግራዋ በኩል አጨበጨበች፤ ልጅቷ ዞር አላለችም። እንደገና አጨበጨበች። ወደ ቀኝ ዞራ ስታጨበጭብ ልጅቷ ደነገጠች።

ስለ ግራ ጆሮዋ የባሏ ቤተሰብ የራሱ ማብራሪያ ነበረው። «መስኮት ከፍታባት ነው፤ ብርድ መታት» አሉ። ሬዲዮም ይህንኑ ለሰፈሩ አሰራጨች።

ልጅቷ አሁን አምስት ዓመቷ ነው። ተኚ ስትባል ደህናውን ጆሮዋን ትራሱ ላይ ትለጥፍና «አልሰማሁም» ትላለች። እናቷ ትስቃለች። ሳቁ ከጉሮሮዋ አያልፍም።

ሁለተኛውን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ፣ አንድ ቅዳሜ አማቷ ቤት ምሳ ተበልቶ ሳህን ሲነሳ ተናገረች። ቆማ ነበር፤ ከተቀመጠች መነሳት ሥራ ይሆንባታል።

«ስወልድ ሁለት ወር ጠያቂ አልቀበልም። የሚያስለው ሰው ከዚያ በኋላም አይመጣም። የሚመጣ እጁን ይታጠባል። ልጄን አፉን የሚስም የለም።»

ጸጥታ የማትወደው ሬዲዮ ቀደመች።

«ልጅ ነው የምትወልጂው ወይስ ባንክ?»

ሁሉም ሳቀ። ሳቁ የልብ ልብ ሰጣት።

«ለመሆኑ ከሳሙና ፋብሪካ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሳሙና አምጥተሽልን ታውቂያለሽ? ዛሬ ተነስተሽ ታጠቡ ትይናለሽ?»

«ሳሙናው የኔ አይደለም፣ እትዬ። ልጁ ግን የኔ ነው።»

አማቷ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። «እኔስ? ባልሽን የወለድኩት እኔ ነኝ። ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ። ማንም ታጥቦ አልነካቸውም።»

«ስንት ነበር የወለዱት፣ እማዬ?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አማቷ የወለደችው ዘጠኝ ነው። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም። አሮጊቷ አንድ ሳህን አንስታ ወደ ጓዳ ገባችና ሳትመለስ ቀረች።

ባሏ ይህን ሁሉ ጊዜ ስልኩን ሲያይ ነበር። የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ተማሪው ሲሳሳት እሱ የሚረግጠው ሁለተኛ ፍሬን እግሩ ሥር አለ፤ ቀኑን ሙሉ «ቀስ፣ ቀስ፣ ያዝ!» ሲል ይውላል። ለእናቱ ወገን ግን ፍሬን አልተገጠመለትም።

«እናቴን አስለቀስሻት» አላት መንገድ ላይ።

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምን ልበል?»

እዚያው መንገድ ዳር ቆመች። «ስማኝ። የኔን ወገን እኔ ከልክያለሁ። እህቴን አትምጪ ብያት ሦስት ሳምንት አኮረፈችኝ፤ ግን አልመጣችም። ያንተን ወገን አንተ ከልክል። ፋብሪካ እንግዳ ሲመጣ እኔ አይደለሁም የምፈቅደው፤ የጠራው ክፍል ይፈርማል። ፊርማ ካለው ይገባል፣ ከሌለው ይመለሳል። እዚህም ፈራሚው አንተ ነህ። እምቢ ማለት ካቃተህ ዝም ብለህ አለመፈረም ነው። ይሄ ያቅትሃል?»

«አያቅተኝም» አለ።

ሰኞ ዕለት ከመዝገብ ቤት የተጣለ የመግቢያ ፈቃድ ጥራዝ ለምና አመጣችለት። ፋብሪካው ቅጹን ስለቀየረ ሊቃጠል የነበረ ነው። ሌላ ሰው ብትሆን «ማንም እንዳይገባ» ብላ በሩን ቆልፋ ትቀመጥ ነበር። እሷ ግን ሕግ ያለ ቅጽ አይታያትም። ዕድሜ ልኩን እምቢ ብሎ ለማያውቅ ሰው አምሳ ባዶ ፈቃድ በእጁ ሰጠችው።

ወንድ ወለደች። በስድስተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። ልጁ ጠብቶ መተኛቱ ነበር። ሰንሰለቱን ሳታላቅቅ በሩን ገርበብ አደረገችው። ግቢው ሰው ሞልቶታል። ፊት የቆመችው ሬዲዮ ናት፤ በእጇ ወረቀት ይዛለች።

«ይኸው ፈቃድ! ባልሽ ፈርሟል!» አለች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማሽም? ክፈቺ!»

ከኋላዋ የቆሙትም ወረቀታቸውን ከፍ አደረጉ። ቆጠረቻቸው። አሥራ አንድ። ከሁሉም ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ አማቷ ቆማለች። እሷም ይዛለች።

አንዱን በክፍተቱ ተቀብላ አየችው። ፊርማው የባሏ ነው። ስሙን የጻፈው ግን ሌላ እጅ ነው፤ አሥራ አንዱም ላይ ያው የሬዲዮ ጎባጣ ፊደል። የሚያበቃበት ሰዓት የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

ዞረች። ባሏ ከኋላዋ ቆሟል፤ ካልሲ ብቻ አድርጓል።

«ባዶውን ፈርመህ ነው የሰጠሃት?»

«በየቀኑ ትደውልልኛለች… አንዳንድ ብቻ ስጠኝ፣ ለማስታወሻ ነው አለችኝ…»

«ወረቀቱን አየሁት» አለችው። «ሞኙም ይኸው ከኋላዬ ቆሟል።»

በሩን መዝጋት ትችላለች። ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተፈረመ ፈቃድ የያዘ ሰው መልሳ አታውቅም፤ ዛሬ ሕጉን ያወጣችው ራሷ ካፈረሰችው ነገ ደግሞ ሁሉም ያፈርሰዋል። ከከፈተች ደግሞ የዛሬ አምስት ዓመቱ ቀን ሊደገም ነው።

ውጭ ሬዲዮ ሳለች። ደረቅ፣ ከደረት የሚወጣ ሳል ነው። ሁለተኛውን ለማፈን ሞከረች፤ አልታፈነላትም።

«እትዬ፣ ጉንፋን ይዞዎታል?»

«አቧራ ነው።»

ያችው ቃል። ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

የአምስት ዓመቷ ልጅ ከጓዳ መጥታ ከእናቷ እግር ሥር ገባች። ቀኝ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። «እማዬ፣ ማነው የሚያስለው?»

እናቷ ወረቀቱን ገለበጠችው። ከጀርባው፣ በፋብሪካው ሁሉ ከእሷ በቀር ማንም የማያነበው ደቃቅ ጽሑፍ አለ። ለባሏ ሰጠችው።

«አንብበው። ውጭ ያሉት እንዲሰሙ ጮክ በል።»

«ምኑን?»

«አንብብ አልኩህ!»

ድምፁን ጠረገ። «ፈራሚው እንግዳውን በር ላይ ተቀብሎ… ራሱ ያስተናግዳል። እስኪሸኘው ድረስ ከአጠገቡ አይለይም።» ቆም አለ። «በእንግዳው ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት… ኃላፊነቱን ይወስዳል።»

«ኃላፊነቱን የሚወስደው ማነው?»

«ፈራሚው።»

«ፈራሚው ማነው?»

ወደ ልጅቷ አየ። ልጅቷ ጆሮዋን ከበሩ አላነሳችም። «እኔ» አለ።

«እንግዲያው ተቀበላቸው። ቀድሞ አንዲት ጆሮ ሄዳለች፤ እሷንም መዝግብልኝ።» ሰንሰለቱን ፈታች፣ በክርኗ ገፍታ አስወጣችው፣ መልሳ ቀረቀረች። ጫማውን በመስኮት ወረወረችለት።

ግቢው ውስጥ ጫጫታ ተነሳ።

«በገዛ ቤትህ?» ትላለች ሬዲዮ። «ወንድ አይደለህም እንዴ? ክፈቺ በላት! እኔ እኮ ልጁን ልስም እንጂ ልበላው አልመጣሁም!»

«ቀስ፣ እትዬ፣ ቀስ…»

«ምን ቀስ ትለኛለህ! እኔ ያንተ ተማሪ ነኝ?» ደግሞ ሳለች። «በአቧራ ምክንያት ሰው በር ላይ ይቆማል?»

«አቧራ አይደለም።»

የተናገረችው አማቷ ናት። ከግድግዳው አልተንቀሳቀሰችም፤ ድምፅዋም ከፍ አላለም፤ ግን ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

«ከሐሙስ ጀምሮ እየሳልሽ ነው። ትናንት እኔ ዘንድ ስታድሪ ስትስዪ ነው የነጋው። ማርም ሰጥቼሻለሁ። ያኔም አቧራ አልነበረም።»

«እህቴ! በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት አይደል ልጅቷን የሳምሻት? መስኮት ነው ያልሽውም በሰው ፊት ነው። እኔም አብሬሽ ብያለሁ።»

ሬዲዮ ሻርፗን ወደ ትከሻዋ ወረወረችና «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደጅ ብታዩኝ ምን አለ በሉኝ!» ብላ ወጣች። ግማሹ ተከትሏት ወጣ። የቀሩት ደግሞ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ትንሽ ቆሙና አንድ ባንድ ተበተኑ።

አማቷ ወደ በሩ ቀረበች። ወረቀቷን አጠፈችና በበሩ ሥር አሾለከችው።

«ልጄ፣ እኔን አያስለኝም» አለች። «ከሩቅ ብቻ ልየው።»

ከበሩ ወዲህ ያለችው ሴት ቁልፉን ጨብጣለች። አሮጊቷ እውነቱን ተናግራለች፤ በአምስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ። ዋጋውም በእህትነት ነው የተከፈለው። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ንዴቷ ግን አልለቀቃትም፤ እንዲለቃትም አልፈለገችም። ዛሬ በሩን የያዘላት ንዴቱ ነው።

«እትዬ ትናንት ከእርስዎ ጋር ነው ያደረችው ብለዋል።»

«አዎ።»

«እንግዲያው እርስዎም አይገቡም፣ እማዬ። አሥራ አምስት ቀን ይቆዩ። ካላሳለዎት ይምጡ።»

ከዚያ አሮጊቷ ከበሩ ውጭ ትንፋሿን ስታወጣ ተሰማ።

«ዘጠኙን ስወልድ አንድ ሰው እንዲህ በሬን ዘግቶልኝ ቢሆን» አለች። የእግሯ ድምፅ እየራቀ ሄደ።

ግቢው ውስጥ ባሏ ብቻውን ቀረ። ፈቃዶቹን በአንድ እጁ ሰብስቦ ይዟል።

«ሁሉም ሄደዋል» አላት።

«እትዬን ጉንጯን ስመሃታል?»

«ሰላም ስላት… አዎ።»

«ቧንቧው እዚያ ነው። ፊትህን እጅህን ታጠብ። ሸሚዝህን እዚያው አውልቅ።»

«ሰው ያየኛል እኮ።»

«ይይህ።»

ሳሙና በመስኮት አቀበለችው። ከሱቅ የተገዛ ነው። መስኮቱን መልሳ አልዘጋችም፤ ወለል አድርጋ ተወችው። ቧንቧው ሲከፈት ሰማች። ገና ብዙ የምትለው አለ፤ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በየተራ ትለዋለች።

ልጅቷ ከአጠገቧ ጠፍታለች። ወደ ጓዳ ስትገባ አልጋው ላይ ተንበርክካ አገኘቻት። ወንድሟ ነቅቶ ጣሪያውን ያያል። ልጅቷ ከቀኙ በኩል አጨበጨበች። ሕፃኑ ሁለት እጆቹን በድንገት ዘረጋ። አልጋውን ዞራ ሄደችና ከግራው በኩል አጨበጨበች። እንደገና ዘረጋ፤ ከንፈሩንም ለልቅሶ አጣመመ።

«እማዬ» አለች ልጅቷ፣ «የሱ ሁለቱም ይሠራሉ።»