ሁለተኛውን ጥያቄ ስጠብቅ

ከጋምቤላ በምወጣበት ዋዜማ ምሽት ሙቀቱ ሁላችንንም ከቤት አስወጥቶን፣ አልጋው ግቢ ውስጥ ተዘርግቶ፣ አጎበሩ ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አባቴ ሱቁን ዘግቶ ሳይጨርስ አሪየት በላስቲክ የተጠቀለለ የደረቀ ዓሣ ይዛ መጣች። አሪየት አኙዋክ ናት፤ አብረን ተምረናል፤ አሁን ከባሮ የሚወጣውን ዓሣ በአባቴ ሱቅ በረንዳ ላይ ትሸጣለች።

«ለመንገድ ነው። እዚያ አገር ዓሣው ጣዕም የለውም አሉ» አለችኝ።

እኔም እንደለመድነው «ኧረ አሪየት፣ ለምን ትቸገሪያለሽ? ይቅርብኝ» አልኳት። እጄ ግን ለመቀበል ተዘጋጅቶ ነበር።

«እሺ» አለችና ጥቅልሉን መልሳ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ተቀመጠች።

አባቴ ሳቁን ለመደበቅ ቁልፍ የጠፋበት መስሎ ጎንበስ አለ። አሪየት ተጫውታ ስትሄድ ዓሣዋን ይዛ ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለችና፣ «እናንተ ደገኞች ሦስቴ ካልተለመናችሁ አትበሉም። እኔ አንዴ ነው የምጠይቀው» አለችኝ።

በማግስቱ አውሮፕላኑ ተነስቶ ባሮ ከታች እየቀጠነ ሲሄድ የማስበው ስለዚያ ዓሣ ነበር። ስለ መሄዴ ማሰቡን ፈርቼው ይሆናል።

ጀርመን የመጣሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ነው። ስጨርስ ከበርሊን ብዙ በማይርቅ ከተማ፣ በአንድ አነስተኛ ላቦራቶሪ ሥራ አገኘሁ። ሥራዬን እዚህ ላይ በግልጽ ልጻፈው፤ በስልክ ስናገር አፌ እየተያያዘብኝ ብዙ ሰው አደናግሬያለሁና። ለመድኃኒትነት የሚሸጥ ካናቢስ እመረምራለሁ። እርጥበቱን፣ ሻጋታውን፣ የተረጨበትን ፀረ ተባይ አያለሁ። ፈቃድ አለው፣ ቀረጥ ይከፈልበታል፣ ፋርማሲ ውስጥ በሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል።

ለአባቴ መጀመሪያ «የመድኃኒት ቅጠል ነው» አልኩት። «ስሙ ማነው?» አለኝ። ነገርኩት። እኛ ጋ ሐሺሽ የሚባለው መሆኑንም ጨመርኩ። «ሰው ሲጠይቀን ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው እንላለን። ውሸት አይደለም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ስለ ላቦራቶሪው ጤና የሚጠይቅ ነው የሚመስለው።

አከራዬ ወይዘሮ ሆልዝ፣ በአገሩ አጠራር ፍራው ሆልዝ፣ ግን ለስሙ ግድ የላትም። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቁማ ጃኬቴን አሸተተችው።

«የሥራ ቦታዬ ሽታ ነው። ሕጋዊ ነው» አልኳት ቶሎ ብዬ።

«እሱን አውቃለሁ፣ ጎረቤቴም በረንዳው ላይ ተክሎታል። እኔን የቸገረኝ እሑድ እሑድ ከኩሽናሽ የሚወጣው የቀይ ዱቄት ሽታ ነው። እሱስ ሕጋዊ ነው?»

በርበሬ መሆኑን አስረዳኋት። ከዚያ ወዲህ ወጥ የምሠራው መስኮት ከፍቼ፣ ካፖርት ለብሼ ነው። ጋምቤላ ሆኜ ንፋስ እየለመንኩ እንዳልኖርኩ፣ እዚህ በራሴ እጅ ብርድ ወደ ቤት አስገባለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ፈቃዴ ነበር። የሥራ ውሌ ጊዜያዊ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዴም ከእሱ ጋር ያልቃል። የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ ሠራተኛው ፊቱን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ፣ «ቋሚ ውል አምጪ፣ ፈቃዱን እናራዝማለን» አለኝ።

«አሠሪዬ ደግሞ ፈቃድሽ ሲራዘም ቋሚ ውል እናያለን ይላል።»

«እንግዲያው ተስማሙ።»

«ማን ከማን ጋር?»

«ቀጣይ!» አለ፣ ከኋላዬ ላለው ሰው።

አለቃዬ ሄር፣ ማለትም አቶ፣ ብራንት አዲስ ላቦራቶሪ ሊከፍት ነበር፤ የሚመራውም አንድ ሰው ብቻ ነው፣ በቋሚ ውል። እጩዎቹ እኔና ሉካስ የሚባለው ባልደረባዬ ነን። ሁለታችንንም በርሊን ወደሚካሄደው የካናቢስ ንግድ ጉባኤ ወሰደን። እዚያ ሥራችንን አይቶ እንደሚወስን አውቀናል። ይህ ሥራ ካመለጠኝ ሻንጣዬን ማዘጋጀት እንዳለብኝም እኔ አውቃለሁ።

አዳራሹ በር ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ አየሁና እግሬ ሳልነግረው ቆመ። ወረቀቶቼን ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት ወደ እኔ መጣ።

«ይቅርታ፣ መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል ነው?» አለኝ።

ውስጡን ብታዩት ምን ትሉ እንደነበር አላውቅም። እኛ ጋ ስሙ በሹክሹክታ የሚነሳው ቅጠል ካልሲ ላይ፣ እስክሪብቶ ላይ፣ የከረሜላ ሳህን ላይ ታትሟል። ሰዎቹ ግን ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ አንገታቸው ላይ የስም ካርድ ያንጠለጠሉ፣ የስብሰባ ቦርሳ የያዙ ናቸው። ጋምቤላ መሃል ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ የሚደረግ የክልል ቢሮ ስልጠና ነው የመሰለኝ፤ የውሎ አበል ጉዳይ የሚያነሳ ሰው ብቻ ነው የጎደለው። መድኃኒት የሚሆነው አበባ ራሱ ትንሽ ነው ያለው፣ እሱም በተቆለፈ መስታወት ውስጥ።

ድርጅታችን ወደዘረጋው ጠረጴዛ አንድ ገዢ መጥቶ፣ ከሞቃት አገር የሚያስመጣው ምርት ለምን እንደሚሻግትበት ጠየቀ። ሉካስ ስልክ ላይ ስለነበር እኔ መለስኩ። ጥፋቱ የሙቀቱ ሳይሆን ከደረቀ በኋላ ተመልሶ የሚገባው እርጥበት እንደሆነ፣ እኔ ባደግኩበት ከተማ በዝናብ ወራት ጫማ እንኳ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደሚሻግት ነገርኩት። ሰውየው የአድራሻ ካርዱን ትቶልን ሄደ። ሄር ብራንት ከኋላዬ ቆሞ ይሰማ ኖሯል።

«ሐያት፣ አዲሱን ላቦራቶሪ አንቺ ብትይዢው ደስ ይለኛል» አለኝ። «ትፈልጊያለሽ?»

እንቅልፍ ያጣሁበት ጥያቄ ይህ ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ።

«ኧረ እኔማ ገና ነኝ። ሉካስ ይሻላል፣ እሱ ልምድ አለው» አልኩት።

«ስለ ግልጽነትሽ አመሰግናለሁ» አለና እጄን ጨብጦኝ ሄደ።

ቆሜ ጠበቅኩት። አገሬ ቢሆን «ተይ እንጂ፣ ከአንቺ ሌላ ማን አለ?» ይለኝ ነበር፤ እኔም መሬት መሬት እያየሁ «እንግዲህ እርስዎ ካሉ» እል ነበር፤ ነገሩም ያልቅ ነበር። ሄር ብራንት ግን ዞር ብሎም አላየ። ጀርባው ሰው መሃል ሲጠፋ ያቺ ምሽት ታየችኝ፤ አሪየት ጥቅልሉን ብብቷ ሥር ስትሸጉጥ።

ምሳ ላይ ሄር ብራንት ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሳህኔ ላይ ሳይበስል በኮምጣጤ የተነከረ ዓሣ አለ፤ አሪየት እውነቷን ነበር።

«ሐያት» አለኝ። ሹካዬን አስቀመጥኩ።

«ጨው ታቀብዪኛለሽ?»

አቀበልኩት። እዚያው ልናገር ፈለግኩ፤ ሰው ፊት ግን አፈርኩ። በልቶ ሲነሳ ተከተልኩት። ወደ አንድ ትንሽ አዳራሽ ገባ፤ በሩ ላይ ያለው ጠባቂ እኔን አስቆመኝ።

«የአንቺ ካርድ አረንጓዴ ነው። እዚህ የሚገባው ሰማያዊ፣ የኃላፊዎች ካርድ ነው።»

«አንድ ቃል ብቻ ልናገር ነው።»

«ምን የሚል?»

«አዎ የሚል።»

ጠባቂው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አዎ አይበላሽም፤ ሲወጡ ትነግሪያቸዋለሽ» አለኝ።

በዚህ መሃል ሉካስ መጣ። ሰላም አለኝና ገባ። አንገቱ ላይ ያለው ካርድ ሰማያዊ ነው። ጠዋት አረንጓዴ ነበር።

ግድግዳውን ተደግፌ ቆየሁ። ውስጥ ሲያጨበጭቡ ይሰማኛል። በሩ ሲከፈት ሰው ሁሉ እያየኝ መንገዱ ላይ ቆምኩበት።

«ሄር ብራንት፣ እፈልጋለሁ።»

«ምኑን?»

«ሥራውን።»

«አልፈልግም አልሽኝ እኮ።»

«እሱ የመጀመሪያው ነው። እኛ አገር ሰው መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ጠያቂው ደግሞ ይጠይቀዋል።»

«ስንት ጊዜ?»

«እስከ ሦስት።»

መነጽሩን አወለቀ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም። «ከሉካስ ጋር ተነጋግሬያለሁ። እሱ ወዲያው ነው አዎ ያለኝ» አለ። ትንሽ አሰበና፣ «ገና አልፈረምንም። ሰኞ ቢሮዬ ነይ። ቃል ግን አልገባልሽም» አለኝ።

ባቡር ላይ ሆኜ አባቴ ጋ ደወልኩ። ከመግሪብ ሶላት መመለሱ ነው፤ ከኋላው የባጃጅ ድምፅና የበረንዳው ጫጫታ ይሰማል።

«ላቦራቶሪው ደህና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ አባ፣ ደህና ነው።»

«አሪየት አጠገቤ ናት። ወደዚያ የሚመጣ ሰው አግኝታለች። ዓሣ ልላክላት ወይ እያለች ነው።»

«አዎ፣ ትላክልኝ» አልኩት።

አሪየት ከኋላው «ምን አለች?» ስትል ሰማኋት።

«ሳትለመኚ አዎ አልሽ። ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምንም አልሆንኩም አባ።»

ባቡሩ ጨለማ የወረደበት ሜዳ ላይ ይሮጣል። አባቴ ስልኩን አልዘጋም። ከበረንዳው ራቅ ሲል፣ ጫጫታው ሲቀንስ ይሰማኛል።

«ሐያት፣» አለኝ ደግሞ፣ «ምን ሆነሽ ነው?»