የሚኒዋ ጓንት

እንግሊዝ አገር፣ ሃሊፋክስ ውስጥ የሚኖሩት ዶሪን አክሮይድ ዕቃ የሚያጥቡት በአንድ ጓንት ነው፤ በግራው። ቀኙን የምታጠልቀው ሚኒ የምትባለው መኪናቸው ናት።

ይህችን መኪና ትንሽ ለማድረግ ሲባል ሠሪዎቿ ሞተሯን ወደ ጎን አዙረው አስገቡት። በዚህ ምክንያት ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዕቃ ግንባሩን ለዝናብ ሰጠ። ሃሊፋክስ ውስጥ ደግሞ የማይዘንበው ሊዘንብ ሲል ብቻ ነው።

ሙሽሮች ሳሉ ዕቃው በዝናብ ርሶ መንገድ ላይ ቀጥ አለችባቸው። ባላቸው ኖርማን የዶሪንን የጎማ ጓንት ከሠርግ ስጦታው መሃል አውጥተው ዕቃውን አለበሱትና ገመዶቹን በጣቶቹ በኩል አሳለፉ። አምስት ገመድ፣ አምስት ጣት። ተነሣች። ከዚያ ወዲያ ልጆችና ድንኳን ጠቅጥቃ በየክረምቱ ባሕር ዳርቻ አደረሰቻቸው፤ አዲስ ጓንት በተገዛ ቁጥር ግን ቀኙ የእሷ ሆነ። ዶሪን «እኔን ነው ያገባኸው ወይስ እሷን?» እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ተነጫነጩ።

ኖርማን አምና ሞቱ። ዘንድሮ ልጃቸው ኪት አዲስ መኪና በር ላይ አቆመ።

«እማዬ፣ ይቺ ዝናብ አትፈራም። ያቺን ቆርቆሮ ተገላገያት።»

ዶሪን ኮፈኑን አስከፍተው አጎነበሱ።

«ጓንቱ የቱ ጋ ነው የሚገባው?»

«ጓንት አያስፈልጋትም እኮ!»

«ታዲያ ቀኙን ምን ላድርገው?»

«እጅሽ ላይ አድርጊዋ!»

ዶሪን ቀና ብለው ልጃቸው ላይ አፈጠጡ።

«የአባትህን ጓንት?»