የኮሶው እኩሌታ

የታሰርኩት በትምህርቴ ነው። ባሕር ማዶ ሄጄ መድኃኒት ቅመማ ተምሬ የተመለስኩት ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብዬ ነበር። ፈረንጅ አገር የተማረ ሁሉ በሚታደንበት ሰሞን አንድ ጠዋት መጡና ኮልፌ ወዳለ የቆዳ መጋዘን ወሰዱኝ። ቆዳው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም። ግድግዳው በጨው ነጥቷል፣ ጥጉ ላይ አንድ ባልዲ አለ፣ መሬቱ ላይ ሰው ተደርድሯል። «ጠጋ በሉለት» አለ አንዱ፤ ጠጋ አሉልኝ።

ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ የዚያው የኮልፌ ሰው ነበሩ። እግራቸው አብጧል፣ አንድ ዓይናቸው አይገለጥም። ለማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ለምርመራ ተጠርተዋል። አመሻሹ ላይ በጆሮዬ ነገሩኝ፦ ጓዳቸው ውስጥ ሴት ልጃቸውና ሁለት ቁስለኛ አርበኞች ተደብቀዋል። ነገ ገበያ ስለሆነ ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅለው ከከተማ ይወጣሉ።

«ነገን ብቻ ልለፍ፣ ልጄ። እንደ ትናንቱ ከገረፉኝ እለፈልፋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።»

እኔ በአንድ ጥፊ ስንቱን እንደምናገር ገና አላውቅም ነበር።

መላ የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው። ዘበኛው የሰፈራቸው ልጅ ነው፤ ደሞዙን ከጣልያን ይቀበላል፣ ዓይናችንን ግን አያይም። ጠሩትና «ኮሶዬ ደርሷል» አሉት። በእኛ አገር ለሆድ ትሉ ኮሶ የጠጣ ሰው ሲያስቀምጠው ስለሚውል በዚያ ቀን አይጠራም፣ አይጠየቅም፣ ፊቱም አይታይም፤ ጌታ እንኳ ሎሌውን ይተወዋል።

ዘበኛው አንገቱን አከከ። «ጣልያኑ መቶ አለቃ ኮሶ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ አባባ። ተቅማጥ ገብቷል ብዬ ብነግረው ግን ይሸሻል፤ እንደ ሞት ነው የሚፈራው። ሆኖም መጥቶ ከበር ማየቱ አይቀርም። የእውነት መሆን አለበት።»

ገና ሲነጋጋ ዘበኛው ኮሶውን በቅል ይዞ መጣ። «ሚስቴ ናት የበጠበጠችው። ለእስረኛ ነው ስላት አዝና አጠንክራ ሠራችው።»

ቅሉን ነቅነቅ አድርጌ ጣቴን ነከርኩ። እንደ ጭቃ ወፍሯል።

ባሕር ማዶ ስለ ዕፅዋት ስንማር መምህሩ ከመደርደሪያ አንድ ጠርሙስ አውርዶ ቀላ ያለ ደረቅ አበባ አዞረልን። ኮሶ! ጓደኞቼ አፍንጫቸውን ሲይዙ እኔ ዘመድ ያገኘሁ ያህል እንባዬ መጣ። ኬሚስትሪውን አለፍን፣ ቅመማውን አለፍን፣ የመርዝ ትምህርቱንም አለፍን፤ ያ መምህር ግን ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ነበረው። የመድኃኒቱን መጠን ስንነግረው «ለማን?» ይለናል። ዕድሜውን፣ ክብደቱን፣ ጉዳቱን ካልተናገርን ወደቅን።

«ይህ ለበሬ ነው» አልኩት ዘበኛውን። «እኩሌታው ይበቃቸዋል። ሁሉን ከጠጡ ይሞቱብናል።»

«ቀሪውን ምን ላድርገው? ይዤ ስወጣ እፈተሻለሁ። እዚህ ከደፋኸው ደግሞ ሽታው ያስጨርሰናል።»

ሽማግሌው እኩሌታውን በአንድ ትንፋሽ ጠጡ። ቅሉን ተቀብዬ ቀሪውን ጨለጥኩት።

«አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?» አለ ዘበኛው።

«የኔም ደርሷል» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው አይወራም። ባልዲው አንድ፣ እኛ ሁለት። ላብ አጠመቀኝ፤ ከሕመሙ ይልቅ የገደለኝ ግን ሐፍረቱ ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ማንም ሳያዘው ሌላውም ተነሣ፣ ከዚያ ሁሉም። እግሩ የቆሰለው እንኳ በጓደኛው ተደግፎ ዞረ። ጋቢ ያለው ጋቢውን በትከሻው ላይ ዘርግቶ ከለለልን። መቶ አለቃው በሩን ሲከፍት ያየው የሰው ጀርባ ነው። አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ተመለሰ። እስረኞቹ ግን እስኪመሽ ድረስ ዘወር አላሉም።

በማግሥቱ ሽማግሌውን ሊወስዷቸው መጡ።

«አሁን ከከተማ ወጥተዋል አይደል?» አሉኝ ሽማግሌው በጆሮዬ።

«ወጥተዋል፣ አባባ።» ምን አውቄ! ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ደገፍ ላድርግዎ ያላቸውን ሰው እጅ መልሰው፣ በገዛ እግራቸው ሄዱ። አልተመለሱም።

ከነጻነት በኋላ ኮልፌ ሄጄ ቤታቸውን አፈላለግሁ። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት።

ዛሬ በሽምግልናዬ የፋርማሲ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። የኮሶው ትምህርት ሲደርስ ጠርሙሱን ከፍቼ አዞርላቸዋለሁ። አፍንጫቸውን ይዘው ይሳሳቃሉ። ሁልጊዜ አንዱ «መጠኑ ስንት ነው?» ይላል። «ለማን?» እለዋለሁ። ከዚያ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርና ጥቂት እቆያለሁ። ጠመኔ የምፈልግ ይመስላቸዋል።