ቀዩ የማሽላ ዘር

መምህርት አማኒ የተኩስ ድምፅ ለምዳለች፤ ፍርሃትን ግን አልለመደችውም። እናቷ ጎንደሬ፣ አባቷ ሱዳናዊ፣ የቡሪ ሰው ናቸው። አፏ የማያርፍ፣ ነገር የማይበግራት ሴት ናት። ጦርነቱ ባስራበው በአል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የሐበሻ ትምህርት ቤት ግብርና ታስተምራለች።

እሷ ከመምጣቷ በፊት ግብርና ማለት መቆፈርና ውሃ ማጠጣት ነበር። «ያለ ሳይንስ መቆፈር ላብ ማባከን ነው» ብላ ትምህርቱን ከሂሳብና ከኬሚስትሪ ጋር አጋባችው። ልጆቹ የአፈሩን ሙቀት በቴርሞሜትር ይለካሉ፤ ከመቶ ዘር ስንቱ እንደበቀለ ይቆጥራሉ፤ ቡቃያውን በስልክ ያነሳሉ። ጎረቤቱ ሲስቅባት «ሳቁ፣ ሳቁ! ቲማቲም ልትለምኑኝ ስትመጡ እንገናኛለን» ትላለች።

ረቡዕ ለስምንት ተማሪዎቿ አንዳንድ ርጥል፣ ግማሽ ኪሎ ያህል፣ የማሽላ ዘር አደለች። በየግቢያቸው ዘርተው ከትምህርት ቤቱ ማሳ ጋር ሊያወዳድሩ ነው። ዘሩ ነቀዝ እንዳይደርስበት በመድኃኒት የታሸ፣ ቀይ ነበር። ስለ ቀለሙ ሐሙስ በኬሚስትሪው ክፍለ ጊዜ ልታስተምር አቅዳለች። ለትምህርቱ ቅደም ተከተል ስትጨነቅ፣ ዘሩ የሚገባው የተራበ ቤት መሆኑን ረሳችው።

ሐሙስ ጠዋት ፍሬውን አንስታ «ይሄ ቀይ መርዝ ነው። ቢታጠብም አይበላም» አለች።

ፅዮን የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ኡስታዛ፣ የሜሮን እናት ጠዋት ስታጥበው አይቻታለሁ። ውሃው እንደ ከርከዴ ሻይ ቀልቶ ነበር።»

ዘር ከወሰዱት ስምንቱ አንዷ የሆነችው የሜሮን ወንበር ባዶ ነው። አማኒ ጠመኔውን ጥላ ወጣች። ሮጠች። ወታደር ስታይ መንገድ ትቀይር የነበረችው ሴት ዛሬ በመሃላቸው አለፈች። «በእጄ ሰጠሁ፤ መዝኜ ሰጠሁ» ትላለች ብቻዋን፣ ላብ በላብ ሆና።

በሩን በርግዳ ስትገባ ድስቱ እሳት ላይ ነው። ሜሮንና ሁለት ወንድሞቿ ከበውታል።

«በላችሁ?» ብላ ጮኸች።

«ገና አልበሰለም» አለች ሜሮን ደንግጣ።

አማኒ ድስቱን በእግሯ ደፋችው። ንፍሮው ግቢው ላይ ተበተነ፤ ትንሹ ልጅ አለቀሰ።

«መርዝ ነው፣ የሜሮን እናት! ወላሂ መርዝ ነው! ጥፋቱ የኔ ነው፤ አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ!»

የሜሮን እናት ሰርካለም አልጮኸችም።

«አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ገዳሪፍ እርሻ ላይ ስንት ዓመት ዘርቼዋለሁ። ሰባት ጊዜ አጠብኩት። መጀመሪያ እኔ ልበላ ነበር፤ እስከ ማታ ምንም ካልሆንኩ ለነሱ ልሰጥ። ኸላስ፣ በቃ፣ ደፋሽው። በይ አሁን ምን ላብላቸው?»

ሰርካለም ጎንበስ ብላ ፍሬውን ከአፈሩ ላይ ትለቅም ጀመር። አማኒ እጇን አፈፍ አድርጋ ያዘቻት።

«ልቀቂኝ፣ ኡስታዛ።»

አልለቀቀችም። ብትለቅ የሚሆነውም፣ ባትለቅ የሚሆነውም እኩል አስፈራት።