ወንጌሉ ዳር ላይ የተጻፈችው ሴት

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ ባና መጭመቅ ነበር። ደብረ ብርሃን ያለው ቤታችን ጓሮ ቆመን፣ ያጠብነውን የሱፍ ባና እሱ በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው ይዘን እየጠመዘዝን፣ እንደ ልማዱ ስለ ቅድመ አያቱ ይነዘንዘኛል። ሴትዮዋ ከመንዝ ወርዳ አንኮበር አጠገብ ጎረቤላ ላይ ጫካ መንጥራ መንደር ያቀናች ናት። ታሪኳን መጻፍ የጀመረው ጣሊያን ሳይገባ ነው።

“ባሏ በቅሎ ላይ አስቀምጦ ነው ያመጣት” አለ።

“በዚያ ገደል? በእግሯ ነው የመጣችው።”

“አንቺ ደግሞ! አያቴን ከእኔ በላይ ልታውቂ ነው?”

ሊከራከር እጁን ሲያነሳ ጫፉን ለቀቀውና ባናው ጭቃ ላይ ወደቀ። እንደገና ማጠቡ ለእኔ ተረፈ። በሳምንቱ ተስቦ ገደለው።

አርባው ካለፈ በኋላ ወረቀቶቹን አወጣሁ። አሥራ ሁለት ገጽ ነው። አሥራ አንዱ ስለ ሴትዮዋ ባል ነው፤ ጦሩ፣ ግዳዩ፣ ኃይለኛነቱ። ለእሷ የተረፋት አንድ ገጽ ሲሆን በስሟ ፈንታ ባዶ ቦታ ተትቷል። የጠየቃቸው ሁሉ የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ እናት ከማለት አላለፉም። ስሟን ሳላገኝ ብቀር እሷም ትጠፋለች፣ የእሱም ድካም ሜዳ ላይ ይቀራል።

ወደ መንደሯ ለመሄድ፣ ለይለፍ ወረቀት ጣሊያኖች ቢሮ በር ላይ አራት ቀን ቆምኩ። አስተርጓሚው፣ “ጎረቤላ ማን አለሽ?” አለኝ።

“የባሌ ቅድመ አያት።”

“በሕይወት አሉ?”

“የሉም።”

“ታዲያ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?”

ለቅሶ ነው ብዬ ተገላገልኩ።

የመንደሯን ቄስ ቤታቸው አገኘኋቸው። ዱሮ የመሬት ስጦታ የሚጻፈው የቤተ ክርስቲያን ወንጌል ዳር ላይ ስለነበር፣ ወንጌሉን እንዲያሳዩኝ ለመንኩ።

“የለንም ልጄ። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ምንም መጽሐፍ የለንም።”

በማግስቱም የለም፤ በሠልስቱም የለም። ቢቸግረኝ፣ እንግዲያው የባሌን ጽሑፍ ይስሙልኝ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ባልየው ጫካውን መንጥሮ መሬት ተሰጠው የሚለው ላይ ስደርስ ቄሱ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

“ኧረ በሥላሴ! እሱ እዚህ መች ደረሰና? መንዝ ነው የሞተ! መሬቱ የተሰጠ ለእሷ ነው፣ ከነሦስት ልጆቿ!”

“አባ፣ በምን ዐወቁ?”

“ተጽፎ...” ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ሚስታቸው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። “እንግዲህ ያውጡላት፤ አፍዎ ነው የከዳዎ።”

ቄሱ እያጉረመረሙ ከጎታው ገብሱን ዝቀው በቆዳ የተጠቀለለውን ወንጌል አወጡ። ዳሩ ላይ ስሟ አለ፤ ከነክርስትና ስሟ፣ እንደ ማንኛውም ባለመሬት። ባል ሞቶባት ነው የመጣችው። ባለቤቴ አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ ለሞተ ሰው ጀግንነት ሲደረድር ኖሯል! ተሳስተሃል ብዬ የምጮህበት ሰው ግን ቤት የለም፤ ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው።

አሁን የእሱን አሥራ አንድ ገጽ ሰርዤ፣ ከስሟ ጀምሬ እንደገና እጽፋለሁ። በቀን ከግማሽ ገጽ አያልፍልኝም።