ሳይዳሩ የረገፉ አበቦች

እኔ ቫኒላ የለኝም። ያለኝ ታንኳ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በነገሩ ውስጥ ጥቅም ያለኝ እንዳይመስላችሁ ነው። መንደራችን ከሎኮሆ ወንዝ ወዲህ ነው፣ የሰዉ የቫኒላ እርሻ ደግሞ ከወዲያ፤ መሃል ላይ እኔ አለሁ። ማን ማልዶ እንደተነሣ፣ ማን እንዳረፈደ፣ ማን ከማን ተኳርፎ ለብቻው እንደሚሻገር የማውቀው ፈልጌ አይደለም። ዓይን ጨፍኖ መቅዘፍ አይቻልማ።

ሶአዛራን የማውቃት ጃኦ ከላይኛው አገር አግብቶ ካመጣት ቀን ጀምሮ ነው። ያመጣኋትም እኔው ነኝ፣ በታንኳዬ። ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ምላሷ የሚፋጅ ሴት ነበረች። አሁንም ናት። ልጅ አልወለደችም። ሥራዋ ቫኒላ መዳር ነው።

እኛ ዘንድ ቫኒላ ይዳራል ነው የሚባለው። ተክሉ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ንቡ አገሩ ቀረ፤ ስለዚህ እያንዳንዷን አበባ ሰው በእጁ ካላጋባት ፍሬ የሚባል ነገር የለም። በአንድ ዘለላ ላይ ያሉት አበቦች ደግሞ አብረው አይፈነዱም፤ በየጠዋቱ አንድ አንድ፣ ከሥር ወደ ጫፍ፣ በተራ ነው። የዛሬዋ ሙሽራ ንጋት ላይ ትፈነዳለች፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ትጠወልጋለች። ያልተዳረች እንደሆነ ትረግፋለች፣ ቦታዋም ባዶ ይቀራል። ሶአዛራ ከሹሩባዋ የሎሚ እሾኋን መዛ የአበባዋን ከንፈር ስንጥቅ ታደርጋለች፣ በወንዱና በሴቷ መሃል ያለችውን ስስ መጋረጃ ገለጥ አድርጋ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርጋቸዋለች። አንዷን አይታችሁ ሳትጨርሱ ሌላዋ ጋ ደርሳለች። ሰው ሁሉ በአበባ ሰሞን እሷን ለመቅጠር ይሻማ ነበር።

የባሏ ወንድም ቦቶቬሎ ግን አይወዳትም። በታንኳዬ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «አንቺ የስንቱን ስትድሪ ትውያለሽ፣ ያንቺን ልጅ ሰርግ መቼ ነው የምንበላው?» ይላታል።

«ያንተን ዓይነት ከምወልድ አበባ ስድር ብኖር ይሻለኛል» ትለዋለች። ሰዉ በሳቅ ታንኳውን ሊገለብጠው ይደርሳል። ቦቶቬሎ አይስቅም።

ጃኦ ቅርንፉድ ሊለቅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደቀና ሞተ። ከመሞቱ ትንሽ ቀደም ብሎ የቫኒላ ችግኝ ተክሎ ነበር፣ ቁመቱ ገና ከጉልበት ያልዘለለ። ሬሳው ተቀብሮ ሳያበቃ ቦቶቬሎ መሬቱ የአባታችን ነው፣ ልጅ የሌላት ሴት ምን ልታደርግበት ነው አለ። ነገሩ የመንደሩ ሽማግሌ አባባ ቶምቦ ፊት ቀረበ። አባባ ቶምቦ ወደ ሞቱት አያቶቻችን የሚለምንልን፣ እርሙን የሚጠብቅልን ሰው ነው። ትንባሆውን ከታችኛው ከንፈሩ ሥር ሸጉጦ ብዙ አሰበና፣ «ቫኒላው በሦስተኛው ዓመት ያብባል። ያን ዓመት ደህና ፍሬ ከያዘላት መሬቱ እስክትሞት የሷ ነው። ካልያዘላት ለቦቶቬሎ ቤት ይመለሳል» ብሎ ፈረደ። መሬቱ ከሄደ እሷም ትሄዳለች ማለት ነው። የት እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። ላይኛው አገር እናትም አባትም የላትም።

እንግዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን እርሻ እንዴት እንደያዘቻት እኔ ነኝ የማውቀው። የመጀመሪያዋ ተሻጋሪ እሷ፣ የመጨረሻዋ ተመላሽ እሷ። ሐረጉን እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው ከእንጨቱ ጋር የምታስረው። ሦስተኛው ዓመት መጣ፣ ዝናቡ ሊበረታ ሲል ቫኒላው አበበ። አቤት ያበበው አበባ! በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእርሻዋ ስትመለስ ታንኳው ውስጥ ቁጭ ብላ ለራሷ ታንጎራጉራለች። እኔም ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ከዚያ ቦቶቬሎ ሞተ።

ምሳ ላይ ዓሣ በሩዝ እየበላ «ደረቴን» አለ፣ ተደፋ፣ አበቃ። ሬሳ ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ በእኛ መንደር ሥራ እርም ነው፤ መሬት አይቆፈርም፣ አይዘራም፣ አይታጨድም። በሌላ ጊዜ ይህ ከባድ አይደለም፣ ዛሬ ሞቶ ነገ ይቀበራል። የቦቶቬሎ አንድያ ልጅ ዛንድሪ ግን የሚሠራው ሩቅ ዲዬጎ ከተማ ነው፣ መንገዱን ደግሞ ጎርፍ ቆርጦታል። አባት ያለ ልጁ አይቀበርም ተባለ። ከጤና ጣቢያ ሰው መጥቶ ሬሳው እንዲቆይ መድኃኒት ወጋውና ጥበቃው ተጀመረ። ከወንዝ ማዶ አበባው በየጠዋቱ ይፈነዳል።

የሁሉም ሰው አበባ ይረግፋል፣ አፉን የከፈተ ግን የለም። የከፈተችው ሶአዛራ ናት። ለቅሶው መሃል፣ ሁሉም እያየ፣ አባባ ቶምቦ ፊት ተንበረከከች።

«አባባ፣ እርሙ ሥራ ነው አይደል?»

«አዎ ልጄ።»

«መቆፈር፣ መዝራት፣ ማጨድ።»

«አዎ።»

«እኔ መሬት አልነካም። ልድር ነው የምሄደው። መዳር ደግሞ መቼም ሥራ አይባልም።»

እሺ ካላት ሁሉም እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ታንኳዬ ሊሮጥ ነው። አባባ ቶምቦ ትንባሆውን እንትፍ አለና አያት።

«ልድር? ሬሳ ተጋድሞ ሰርግ? አይ ሶአዛራ! ሥራ ልሥራ ብትዪኝ ኖሮ እኮ ችግርሽን አውቃለሁ፣ ለአያቶች አንድ ጠርሙስ መጠጥ አፍስሼ እለምንልሽ ነበር። ለሰርግ ግን ምን ብዬ ልለምንልሽ?»

ያፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቃሉን ልትመልሰው ብትፈልግም አልቻለችም፣ ሃምሳ ሰው ሰምቷታል። የሟች ሚስት፣ የዛንድሪ እናት፣ ከሬሳው አጠገብ ሆና ጮኸች፦ «ሰማችሁ? ባሌ ሳይቀበር ሰርግ አማራት! ድሮስ ሞቱን ስትመኝ አልነበረም እንዴ!»

«እሺ» አለች ሶአዛራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አልሄድም።»

ሐዘንተኛ ሴቶች ሹሩባቸውን የሚፈቱበት ሰዓት ነበርና አንዷ መጥታ ጸጉሯን ስትፈታላት የሎሚ እሾኋ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። የዛንድሪ እናት አነሣችውና ግድግዳው በተሠራበት የራቪናላ ዛፍ ቅጠል ውስጥ ሰካችው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ጦጣ መሰሎቹ ሌሙሮች ጫካ ውስጥ ሲንጫጩ፣ ወንዙ ዳር ስደርስ ሰው ተሰልፎ አገኘሁ።

«ወዴት ነው?» አልኩ።

«ማገዶ ላመጣ፣ ለለቅሶው።»

«አንቺስ?»

«ዶሮዬ ጠፍታብኝ።»

«ዶሮሽ ዋኝታ ተሻገረች?»

«ቅዘፍ እባክህ፣ አታድርቀኝ!»

አንዱ ቅጠል ሊቆርጥ፣ አንዱ ሆዱን አሞት ሥር ሊምስ፣ አንዷ አክስቷን ልትጠይቅ። ከወዲያ ማዶ አክስት ቀርቶ አይጥ የሚያድርበት ቤት የለም። በስተመጨረሻ የዛንድሪ እናት መጣች። ጸጉሯ እንደተፈታ ነው፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፣ እሱን አልዋሽባትም። ለእንግዳ ማቅረቢያ የሙዝ ቅጠል ልቆርጥ ነው አለችኝ። የሙዝ ቅጠል ከቤቷ ጓሮ ሞልቷል። ከታንኳው ስትወርድ ሽርጧን ሰብሰብ አደረገች፣ እጥፋቱ ላይ ያቺ የሎሚ እሾህ ተሰክታለች። ታንኳ ቀዛፊ አፍ ካበዛ ሰው በዋና ይሻገራል።

ሶአዛራ ወንዙ ዳር የወረደችው ሁሉም ተሻግሮ ሲያልቅ ነው።

«ግቢ» አልኳት። «ሁሉም እዚያ ነው፣ ማን ማንን ይከስሳል?»

አንድ እግሯን ታንኳው ውስጥ አደረገች። ቆመች። ወዲያ ማዶውን አየች፣ ከዚህ ሆኖ እርሻዋ ይታያል። ከዚያ እግሯን አወጣች።

«ምን ሆንሽ?»

«እነሱ አልጠየቁም» አለች። «እኔ ጠይቄ አይሆንም ተብያለሁ። እሺ ብያለሁ።»

«መሬትሽ ሊሄድ ነው እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!»

«አውቃለሁ!» ብላ ጮኸችብኝና ወደ ለቅሶው ቤት ተመለሰች። ቂል ናት ብዬ ተናደድኩ። በየጠዋቱ እየመጣች ወንዙ ዳር ትቆምና ትመለሳለች።

ለቅሶ ላይ ግን እንደሷ ያለቀሰ የለም። ሬሳው እግር ሥር ተቀምጣ፣ ጸጉሯ ተበትኖ፣ ድምጿ እስኪዘጋ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ፣ ሲያሟት የነበሩት ሴቶች ሳይቀሩ ተገርመው እርስ በርስ ይተያያሉ። ዛንድሪ ጭቃ ለብሶ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው እሷን ነበር። በሬ ታርዶ፣ የሸንኮራው መጠጥ ተጠጥቶ ቦቶቬሎ ተቀበረ። በማግስቱ ሶአዛራ አዲስ እሾህ ቆርጣ ተሻገረች። የቀረውን አበባ ዳረች። ዋናው ግን ረግፎ ነበር።

ፍሬው ጣት ሲያህል የዛንድሪ እናት አባባ ቶምቦን «ሦስተኛው ዓመት ደርሷል፣ ፍርድህን ፈጽም» አለችው። እሱንና እሷን፣ ዛንድሪንና ሶአዛራን አሳፍሬ አሻገርኳቸው፤ እኔም ታንኳዬን አስሬ ተከተልኩ። መቼም ቀርቼ አላውቅም።

«እዩት» አለች የዛንድሪ እናት። «ይሄ ፍሬ ነው? ይሄ የአሮጊት ጥርስ ነው፣ እዚህም እዚያም!»

ሶአዛራ እጇን ሽርጧ ውስጥ ደብቃ መሬት መሬት ታያለች። ዛንድሪ አንዱን ዘለላ ይዞ ገለበጠው። ዲዬጎ ይኑር እንጂ ያደገው ቫኒላ ውስጥ ነው። ከሥር ፍሬ፣ መሃሉ ባዶ፣ ጫፉ ላይ ፍሬ። ሌላ ዘለላ ያዘ፣ መሃሉ ባዶ። ሌላ። ሁሉም ክፍተቱ እዚያው ቦታ ላይ ነው። ዘለላውን ለቀቀና፣ «የአባቴን እርሻ ልይ» አለ።

«ምን አለው የኛ? የኛማ ሙሉ ነው!» አለች እናቱ።

ሙሉ ነበር። ከሥር እስከ ጫፍ፣ አንዲት ክፍተት የሌለው። ዛንድሪ ዘለላውን እንደያዘ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣ አባዬ ተጋድሞ በነበረ ጊዜ እነዚህን የመሃሎቹን ማን ዳራቸው?»

«እኔ... እሱ ራሱ ነው የያዘው።»

«ቫኒላ ራሱን የሚድር ቢሆን ተኝተን በበላን ነበር» አለ አባባ ቶምቦ። የሱም እርሻ እዚያው አጠገብ ነው፣ ኑ እዩልኝ አላለም።

ዛንድሪ እናቱን አልሰደበም፣ አልጮኸም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ሰው ሁሉ ሥራው ላይ ነበር ማለት ነው» አለ። ወደ ሶአዛራ ሄዶ እንደ እናት ሁለት እጇን ያዘ። «አባባ፣ ይህች መሬት ላይ የኛ ቤት ምንም የለውም። የአባቴ ለቀስተኛ እሷ ብቻ ናት።»

አባባ ቶምቦም ይሁን አለ፣ አያቶችም ሰሙ።

ስንመለስ ሌሎቹ ቀድመው ወርደው እኔና እሷ ታንኳው ላይ ቀረን። ያን ያህል ጊዜ በሆዴ የያዝኩትን ጠየቅኳት።

«ለመሆኑ ያን ሁሉ ያለቀስሽው ለቦቶቬሎ ነበር?»

ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ።

«ለቦቶቬሎ! ለአበቦቼ ነው እንጂ። እዚያ ሆኜ በየጠዋቱ ሲረግፉ ይታየኝ ነበር፣ አንድ በአንድ።» ከዚያ ሳቋ ቆመ፣ እጇን ውኃው ውስጥ ነከረች። «በኋላ ግን ሰዉ ሁሉ ሹልክ ሹልክ ሲል እሱ ብቻውን ቀረ። እኔና እሱ ብቻ። ያኔ ለሱም እንባ መጣልኝ።»

ታንኳውን አሰርኩ፤ ጠዋት ቀድማ ልትሻገር ስለሆነ እንዳላረፍድ ነግራኝ ሄደች።